ልጆቹ ሲጫወቱ መሣል፦ ባሕር ዳርቻ ለሚወርድ ሠዓሊ ወላጅ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖር ሐበሻ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን ለልጆቹ ለማሳየት ከሚቀርቡት ቦታዎች አንዷ የሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ናት። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ነገር ግን በሰመር ቅዳሜዎች የቼሳፒክን ድልድይ ለመሻገር የሚሰለፈው መኪና ስለሚበዛ፣ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ይሻላል። እዚህ የምጽፈው ከእናትና ከአባት አንዱ ሥዕል የሚሠራ ከሆነ፣ የቤተሰቡን ቀን ሳይሻማ አንድ ጥሩ ሥዕል ይዞ እንዲመለስ ነው።

ከቀለምና ከብሩሽ በፊት የሚቀድመው በወላጆች መካከል የሚደረግ ግልጽ ስምምነት ነው። ብሩሽ የያዘ ሰው ልጅ እየጠበቀ ነው ተብሎ ሊቆጠር አይገባም፤ ፊቱን ወደ ውሃው ቢያዞርም ልቡ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። ስለዚህ «ልጆቹን አንቺ ያዢልኝ፣ እኔ ግማሽ ሰዓት ልሥራ» ብሎ በአፍ መናገር፣ መልሱንም መስማት ያስፈልጋል። በዚህ ዳርቻ ሰውን ከአሸዋው ወደ ጥልቁ የሚስብ ጠባብ ወራጅ ውሃ ይነሣል፤ የተያዘ ሰው ከውሃው ጋር ፊት ለፊት መታገል ሳይሆን ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኘ ከወራጁ መውጣት ይኖርበታል። ይህንን ልጆቹ ከቤት ሳይወጡ ይወቁት፤ የሚገቡትም ነፍስ አድን ጠባቂዎች ማማቸው ላይ ባሉበት ሰዓትና በእነርሱ ፊት ለፊት ብቻ ይሁን።

ዕቃ አያብዙ። የዘይት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ ነፋሱ የሚያመጣው አሸዋ ሁሉ ይጣበቅበታል፤ የውሃ ቀለም ግን ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ያህል ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚባለውን ወፍራም ወረቀት በደብተር ልክ ቆርጠው፣ አራቱንም ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት። የቧንቧ ውሃ በጠርሙስ ይያዙ። ብዙዎች የማይጠረጥሩት ጠላት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው፤ ልጆቹን ቀብተው ወረቀቱን በዚያው እጅ ከነኩት፣ የጣትዎ ቅባት ያረፈበት ቦታ ቀለም አልቀበልም ይላል፣ ሰማዩም መሐል ላይ አሻራዎ ነጥቶ ይቀራል። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ደስ የሚል ደመና አጥቻለሁ። እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ወረቀት አይንኩ።

የኦሽን ሲቲ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ የተገለጠ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከውቅያኖሱ በኩል ዓይንዎን ትወጋለች፣ ልጆቹም እንደ ጥላ ጠቁረው ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ከጀርባዎ ሆና በባሕሩ ላይ ስለምታበራ የውሃው ቀለም ይጎላል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ሰዓት ነው። ወረቀቱን ጥላ ውስጥ ያድርጉት፤ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተሠራ ሥዕል ቤት ሲገባ ከታሰበው በላይ ጠቁሮ ይገኛል። ጃንጥላው ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነም ወረቀቱን ስለሚያቀልመው ነጭ ወይም ግራጫ ይምረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከዓመታት በፊት ሰማዩንና ማዕበሉን ጨርሼ በኩራት ሳሳያት፣ ልጄ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ «አባዬ፣ እኔ የታለሁ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሌለበት የባሕር ሥዕል ሠርቼ አላውቅም። ሰውን ማስገባት ደግሞ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም፤ የአድማሱ መስመር ምንጊዜም በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ላይ ስለሚያርፍ እርሱን መለኪያ ማድረግ ይበቃል። ዝቅተኛ የባሕር ዳርቻ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ዓይንዎ ከአሸዋው አንድ ሜትር ያህል ይርቃል። እንግዲያው በደልዳላው አሸዋ ላይ የቆመች አንድ ሜትር የምትሆን ልጅ፣ ቅርብም ትሁን ሩቅ፣ የራሷ ጫፍ አድማሱን ይነካል፤ ትልቅ ሰውን ደግሞ መስመሩ ወገቡ አካባቢ ያቋርጠዋል። ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ቦታው ዝቅ ስለሚል ጭንቅላቱ ከመስመሩ በታች ይሆናል። ልጆች ስለማይቆሙ ፊታቸውን ለመሣል አይድከሙ፤ ራስን በአንዲት ነጥብ፣ አካልን ወደ ታች በሚቀጥን አንድ የብሩሽ ጭረት ካሳዩ፣ ባልዲ ይዛ የምታጎነብሰውን ልጅ እናቷ ከአቋቋሟ ትለያታለች።

አረፋውን በነጭ ቀለም ከመቀባት ይልቅ ወረቀቱን ሳይነኩ ይተዉት። ውሃውንም በሰማያዊ ብቻ አይሙሉ፤ ከዳርቻው አጠገብ አሸዋው ስለሚታመስ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ያደላል። እርጥብ አሸዋ ከደረቁ ይጠቁራል፣ ሰማዩንም ያንጸባርቃል።

ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ፣ ሥዕሉ ባያልቅም፣ ብሩሹን አስቀምጠው ተራውን ይቀበሉ። ካድሚየምና ኮባልት የተባሉ ብረቶች ያለባቸው ቀለሞች ለውሃ እንስሳት ጎጂ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ብሩሽ ያጠቡበትን ውሃ አሸዋው ላይ ሳያፈሱ በጠርሙሱ መልሰው ይውሰዱት። ፕላስተሩን ግን ወረቀቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ልጆቹ ቀስ ብለው ይላጡት፤ ያ ነጭ ጠርዝ ብቅ ሲል የማየቱ ደስታ የእነርሱ ይሁን።