ኤሌክትሮን ኮንፊገሬሽን ሲምታታ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ማታ ማታ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንበው ይመጣሉ። ደብተራቸውን ስገልጥ አንድ ገጽ ሁሌም በላጲስ ተፍቆ ሳስቷል። የአይረን (የብረት) ኤሌክትሮን ኮንፊገሬሽን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ በአቶሙ ውስጥ የተደረደሩበት መንገድ፣ ያለበት ገጽ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ምልክቱ፦ አይረን 26 ኤሌክትሮን አለው። ተማሪው [አርጎን] 3ዲ⁶ 4ኤስ² ብሎ በትክክል ይጽፋል። [አርጎን] እንደ አርጎን የተደረደሩትን የመጀመሪያዎቹን 18 ኤሌክትሮኖች ይተካል፤ 3 እና 4 የሼል (የኤሌክትሮን እርከን) ቁጥር፣ ዲ እና ኤስ በሼሉ ውስጥ ያሉ ክፍሎች፣ ከላይ ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ደግሞ የኤሌክትሮን ብዛት ናቸው። ፖዘቲቭ 2 ቻርጅ ያለውን አዮን (ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወይም ተቀብሎ ቻርጅ ያገኘ አቶም) ሲጠየቅ ግን 3ዲ⁴ 4ኤስ² ይላል።

ምክንያቱ፦ 4ኤስ ከ3ዲ በፊት እንደሚሞላ ጥሩ አድርጎ ይዟል። ስለዚህ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል ብሎ ያስባል። ኤሌክትሮን ግን የሚወጣው ከውጨኛው ሼል ነው፤ ከ3 እና ከ4 ውጨኛው ደግሞ 4 ነው። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። በሩ ጋ የተቀመጠው ሰው ከማንም ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጫጫ ላይ «ወራጅ አለ» ሲባል ግን መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው።

መፍትሄው፦ አዮኑን በቀጥታ አትጻፉ። መጀመሪያ ቻርጅ የሌለውን አቶም ጻፉ። በሼል ቁጥር ደርድሩት፤ 3ዲ ይቅደም፣ 4ኤስ ይከተል። ከዚያ ከቀኝ በኩል ቀንሱ። [አርጎን] 3ዲ⁶ ይቀራል። ቻርጁ ፖዘቲቭ 3 ከሆነ ሁለቱ ከ4ኤስ፣ አንዱ ከ3ዲ ይወጣና 3ዲ⁵ ይሆናል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ልጅ ላጲሱን ያስቀምጣል።

ድምሩ አልመጣ ካለ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ምልክቱ ላይ ነው። ፖዘቲቭ ማለት ኤሌክትሮን ሰጥቷል፣ ኔጌቲቭ ማለት ተቀብሏል። ክሎሪን 17 አለው፤ ክሎራይድ (አንድ ኤሌክትሮን የተቀበለ ክሎሪን) 18 እንጂ 16 አይደለም። 1ኤስ² 2ኤስ² 2ፒ⁶ 3ኤስ² 3ፒ⁶። ከላይ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች ደምሩና አረጋግጡ።

ክሮሚየምና ኮፐር ከሕጉ ሲወጡ፦ እዚህ ላይ ተማሪው አላጠፋም፤ 4ኤስ ሞልቶ ወደ 3ዲ ይኬዳል የሚለው ሕግ ራሱ አይሸፍናቸውም። ክሮሚየም 3ዲ⁵ 4ኤስ¹፣ ኮፐር 3ዲ¹⁰ 4ኤስ¹ ነው። «ግማሽ የሞላ ወይም ሙሉ የሆነ ዲ ይረጋጋል» የሚለው ማብራሪያ ለማስታወስ ይረዳል፤ ግን ሁሉም ቦታ አትለጥፉት። ተንግስተን ከክሮሚየም ጋር አንድ ዓምድ ላይ ሆኖ 5ዲ⁴ 6ኤስ² ነው። እኔ ክሮሚየምንና ኮፐርን በቃል ያዟቸው እላለሁ። ፖዘቲቭ 2 ኮፐር ሲመጣ ግን ወደ ሚኒባሱ ተመለሱ፤ አንዱ ከ4ኤስ፣ አንዱ ከ3ዲ ይወርዳል፣ 3ዲ⁹ ይቀራል።