የማንጎ ፓይ ታቹ ገንፎ እንዳይሆን

ፓያችሁ ከላይ ቡናማ ሆኖ አምሮ፣ ሲቆረጥ ታቹ ገንፎ ከሆነባችሁ ኦቨኑን ቶሎ አትውቀሱ። የበሰለውን ፍራፍሬ ትኩሱን ሊጡ ላይ ገልብጣችሁት ይሆናል።

መላው ቀላል ነው። ማንጎውን (አናናስም ይሆናል) ከስኳር ጋር አብስላችሁ ስታወጡ ድስቱ ውስጥ አትተዉት። ሰፊ ትሪ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉትና ጨርሶ እስኪበርድ ጠብቁ። በጣት ሲነካ ለብ ካለ ገና ነው። በአዳማ ሙቀት ድስት ውስጥ የቆየ ነገር መቼም ቶሎ አይበርድም። ትሪው ላይ ግን እንፋሎቱ ይወጣለታል፣ ጭማቂውም ወፈር ይላል። ሊጡን እስከዚያው ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት።

ነገሩ የቅቤው ነው። ሊጡን ፍርፍር የሚያደርገው በመሃሉ የተበተነው ጠጣር ቅቤ ነው። ትኩስ ነገር ሲፈስበት ኦቨን ሳይገባ ይቀልጣል፤ ሊጡም ጭማቂውን ይጠጣል።

ጭማቂውን ለማወፈር ኮርን ፍላወር (ነጩን የበቆሎ ስታርች) የምትጠቀሙ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። ዱቄቱን ትኩስ ፍራፍሬ ላይ መነስነስ ትርፉ መጓጎል ነው። ለ4 መካከለኛ ማንጎ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሎሚ ከወደዳችሁ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ጨምቁበት፤ አብሮ ከተንተከተከ ያቀጥነዋል።

እንቁላል ወይም ወተት የገባበት ከሆነ ግን ውጭ ለሰዓታት አታቆዩት፤ እንፋሎቱ እንደወጣ ወደ ፍሪጅ። መብራት ከሄደ ደግሞ ያው፣ ፓዩ ለሌላ ቀን።