ፍራሹ ለታካሚው ሳይስማማ ሲቀር፦ ችግርና መፍትሄ

ለመንከባከቢያና ለማገገሚያ ቤት ፍራሽ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚዳሰሰው ልስላሴው ነው። መታየት ያለበት ግን የሚተኛበት ሰው ነው። ራሱን ችሎ ይገላበጣል? ክብደቱ ስንት ነው? ሽንቱን ይቆጣጠራል? ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍራሽ ከተነጠፈ ችግሩ ቶሎ ይታያል።

መቀመጫው፣ ዳሌው ወይም ተረከዙ ቀልቷል

የቀላውን ቦታ በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ካልነጣ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነው፤ ዛሬውኑ ለነርስ ንገሩ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ዳብሱት፤ ከዙሪያው ይልቅ የሚሞቅ፣ የጠጠረ ወይም የሚያም ከሆነ ያው ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚታለፍ አደራ።

ምክንያቱ ያረጀ ስፖንጅ ሊሆን ይችላል። ታካሚው ሲነሳ እጃችሁን አቆላልፋችሁ የፍራሹን መሃል በደንብ ተጫኑት። ከስር ያለው የአልጋው ብረት ከተሰማችሁ ፍራሹ ይቀየር።

በመጠኑ ለሚንቀሳቀስ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ጥሩ ስፖንጅ ሊበቃ ይችላል። ጨርሶ መገላበጥ ለማይችል ወይም ቁስል ለወጣበት፣ ክፍሎቹ እየተፈራረቁ የሚነፉ የአየር ፍራሽ ይታሰብ። ሆኖም የትኛውም ፍራሽ ታካሚውን ማገላበጥን አይተካም። ለተረከዝ ደግሞ ትራሱን ከባቱ ስር አድርጉ፤ ተረከዙ ምንም አይንካ። መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት መሳይ ትራስ ግን ዙሪያውን ስለሚጫን አይመከርም።

የአየር ፍራሽ ተገዝቶም ለውጥ የለም

ፓምፑን እዩ። በታካሚው ክብደት ልክ ተስተካክሏል? ቱቦው ታጥፏል? ከላይ አንሶላ፣ ላስቲክና ብርድ ልብስ ከተደራረበ የፍራሹ ጥቅም ይቀንሳል። አንድ ሳሳ ያለ አንሶላ ይበቃል፤ ጠበቅ ተደርጎም አይወጠር።

ታካሚው ወደ እግርጌ ይንሸራተታል

ራስጌው በጣም ከፍ ብሏል። ሲንሸራተት ቆዳው ተይዞ ይቀርና ሥጋው ከውስጥ ይጎተታል። ሐኪም ሌላ ካላዘዘና የምግብ ሰዓት ካልሆነ ከ30 ዲግሪ አታሳልፉት። መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ራስጌውን ከፍ አድርጉ።

አገግሞ መነሳት የጀመረ ሰው ከአልጋው መውረድ አቃተው

ፍራሹ ከመጠን በላይ ለስልሷል፤ ሲቀመጥበት ጠርዙ ይሰምጣል፣ ለመውደቅም ያጋልጣል። ጠርዙ ጠንከር ያለ ፍራሽ ምረጡ። የአየር ፍራሽ ከሆነ ከመነሳቱ በፊት መፈራረቁን አቁማችሁ አጠንክሩት።

ሽታ አለው

ዚፑን ከፍታችሁ ስፖንጁን እዩ። እድፍ ካለ ልባሱ ፈሳሽ እያስገባ ነው። ልባሱ ይቀየር፤ ስፖንጁ ከረጠበ እሱም ይወገድ።

ፍራሽ በቀየራችሁ ቁጥር የጎን መከላከያውን ለኩ። ወፍራም ፍራሽ ሲገባ መከላከያው ያጥራል፤ ጠባብ ሲገባ ደግሞ ክፍተት ይፈጠራል። በመሃላቸው 12 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ክፍተት ካለ ጭንቅላት ሊቀረቀር ስለሚችል ታካሚውን አታስተኙበት።