ኤሲው አልቀዘቅዝ አለ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለሚኖር ሰው ኤሲ ቅንጦት አይደለም። የሚበላሸው ደግሞ ሙቀቱ ሲብስ ነው፤ ያኔ ነዋ ያለ ዕረፍት የሚሠራው። ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ምልክቱን እዩ።

ይነፍሳል፣ ግን አያቀዘቅዝም

መጀመሪያ ሪሞቱ ላይ የበረዶ ምልክቱ መኖሩን አረጋግጡ። ቀጥሎ ፊልተሩን አውጡ። በአቧራ ከተደፈነ በውሃ አጥባችሁ፣ ጥላ ላይ አድርቃችሁ መልሱት። ውጪ የተሰቀለው የኤሲው ክፍልም ጀርባው አቧራ ከለበሰ፣ ወይም ልብስ ከተሰጣበት፣ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል።

ሁሉም ንጹህ ሆኖ ካልቀዘቀዘ ጋዙ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ብሩን የሚያፈሰው እዚህ ጋ ነው። የኤሲ ጋዝ በታሸገ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከቀነሰ አፍስሷል ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያው «ጋዝ አልቋል፣ ልሙላው» ሲላችሁ «በየት በኩል ወጣ?» በሉት። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ቱቦው የሚታሰርበት ቦታ ነው፤ ዘይት ነገር ያወዛል፣ የሳሙና አረፋ ሲቀባም ይፈላል። ፍሳሹ ይደፈን፣ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ ይውጣ፣ ከዚያ ጋዙ ተመዝኖ ይሞላ። በየዓመቱ «ጋዝ አስሞላሁ» የሚል ጎረቤት ካላችሁ፣ ኤሲው ያፈሳል።

በረዶ ይሠራል፣ ወይም ውሃ ያንጠባጥባል

በረዶም ከተደፈነ ፊልተር ወይም ከጋዝ ማነስ ይመጣል። አጥፉትና ይቅለጥ፤ በቢላ እንዳትፈቀፍቁት፣ ቱቦው ይበሳል። ውሃ ብቻ ከሆነ የፍሳሽ ቱቦው ተደፍኗል፣ ማስጠረግ ይበቃል።

የውጪው ክፍል ያጓራል፣ ግን አይነሳም

ኤሲው ጠፍቶ ወዲያው ከተከፈተ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) ሆን ብሎ ይዘገያል። ከዚያም ካልተነሳ ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ) ደክሞ ወይም መብራቱ ከ220 ቮልት በጣም ወርዶ ይሆናል። ካፓሲተር መቀየር ቀላል ሥራ ነው፤ ግን መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛልና ራሳችሁ አትነካኩት።

መቼ ይቀየር?

ኮምፕረሰሩ ከተቃጠለና ኤሲው 10 ዓመት ካለፈው ባይጠገን ይሻላል። ማቀዝቀዣው ቱቦ በዝገት ተበልቶ እዚህ ሲደፈን እዚያ የሚፈስም እንዲሁ። የውጪው ክፍል ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ጋዙ አር-22 ከሆነ፣ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ ነው። በእሱ ምትክ አር-410ኤ ልሙላው የሚል ካለ እምቢ በሉ፤ ግፊቱ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ አሮጌው ማሽን አይችለውም።

የድሮው የተቃጠለው በመብራት መዋዠቅ ከሆነ ደግሞ፣ አዲሱ ከመሰቀሉ በፊት አቅሙን የሚመጥን ስታቢላይዘር ይገጠም።