ዊንዶውስንና ሊኑክስን በአንድ ሰርቨር ላይ ማሠራት፦ ለመካከለኛ ድርጅቶች የፕሮክስሞክስ አተካከልና አያያዝ

በብዙ መካከለኛ ድርጅቶች የሰርቨር ክፍል ውስጥ የሚገኙት ማሽኖች ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ በኦፐሬቲንግ ሲስተም አይገናኙም። የሒሳብ ክፍሉ የሚሠራበት ፒችትሪ፣ ዛሬ ሴጅ 50 ተብሎ የሚጠራው ሶፍትዌር፣ ያለ ዊንዶውስ አይሠራም። የሽያጭና የመጋዘን መዝገቡ ኦዱ በተባለው ሶፍትዌር የሚያዝ ከሆነ ምቹ ማደሪያው ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። የጣት አሻራ ሰዓት መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር ደግሞ ከተተከለ ጀምሮ ማንም ሊነካው በማይደፍረው አሮጌ ዊንዶውስ 7 ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ለእያንዳንዳቸው የተመደበው ማሽን አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ሲበላሽ ግን መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠንካራ ሰርቨር ላይ ለማሰባሰብ የሚያስችለው ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር ሲሆን፣ በሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ተጭኖ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ለየማሽኑ ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም የራሱ ኮምፒውተር እንዳለው ሆኖ ይሠራል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አይቢኤም ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። በተራ ሰርቨሮች ላይ በስፋት የተለመደው ግን ኢንቴልና ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ለዚሁ ሥራ የሚያግዝ አቅም ካስገቡ በኋላ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ቀድሞ አንድ ማሽን ሲበላሽ አንድ ክፍል ብቻ ይቆም ነበር፤ ሁሉም ወደ አንድ ሣጥን ከገባ በኋላ ግን የአንዲት የኃይል ማቅረቢያ መቃጠል ድርጅቱን በሙሉ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ማሽኖችን በሃይፐርቫይዘር የማሰባሰቡ፣ ማለትም የቨርቹዋላይዜሽን፣ ዋናው ሥራ መጫኑ ሳይሆን፣ ያ አንድ ሣጥን ቢጠፋ ሥራው በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመለስ አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ የተጻፈው ይህን ታሳቢ በማድረግ ነው።

የሶፍትዌሩ ምርጫ

ለብዙ ዓመታት ምርጫው የቪኤምዌር ኩባንያ ሃይፐርቫይዘር ነበር። ብሮድኮም ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከጠቀለለ በኋላ ግን የዘለቄታ ፈቃድ መሸጥ ቀርቶ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ተተካ። ኢኤስኤክስአይ የተባለው ነፃው የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘርም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ተቋርጦ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሷል። ዶላር እንደ ልብ በማይገኝበት ገበያ፣ የሰርቨሩ ሥራ በየዓመቱ በሚታደስ የውጭ ክፍያ ላይ እንዲንጠለጠል ማድረግ በእኔ ግምት ለመካከለኛ ድርጅት የሚመከር አይደለም። ማሽኖቹ በሙሉ ዊንዶውስ ከሆኑና የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድ አስቀድሞ ከተገዛ፣ ከእርሱ ጋር የሚመጣው ሃይፐር-ቪ የተባለው ሃይፐርቫይዘር በቂ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ለተደባለቁበት ድርጅት ግን ፕሮክስሞክስን እመርጣለሁ። በደቢያን ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ፣ ኬቪኤም በተባለው የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር የሚሠራ፣ ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነና ከቪየና ከተማ የሚወጣ ሶፍትዌር ነው። የድጋፍ ክፍያው በፈቃደኝነት የሚገባ ሲሆን፣ ባይከፈልም የሚጎድል የአሠራር ክፍል የለም።

ሃይፐርቫይዘሩ ነፃ መሆኑ ዊንዶውስን ነፃ አያደርገውም፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ፈቃድ የሚቆጠረው በአካላዊው ሰርቨር ኮሮች ልክ ነው፤ ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ 16 ኮር መሸፈን አለበት፤ ኮሮቹ በሙሉ ሲሸፈኑም ሁለት የዊንዶውስ ሰርቨር ቨርቹዋል ማሽኖችን (በሃይፐርቫይዘሩ ውስጥ የሚፈጠሩ ማሽኖችን) ብቻ ይፈቅዳል። ሦስተኛ ማሽን ሲፈለግ ኮሮቹን እንደገና መሸፈን ግድ ይሆናል። ስለዚህ 32 ኮር ያለው ሰርቨር ከመግዛት በፊት የዊንዶውስ ማሽኖቹን ቁጥር በወረቀት ላይ መደመር ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ራምና ዲስክ

የፕሮሰሰር ኮር ለብዙ ማሽኖች ደራርቦ ሊሰጥ ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይሠሩ እምብዛም ችግር አያመጣም። ራም ግን እንዲህ አይደለም፤ በሰርቨሩ ላይ ካለው በላይ የተሰጠ እንደሆነ ፕሮክስሞክስ የቆመበት ሊኑክስ አንዱን ማሽን በግድ ሊዘጋው ይችላል። ስሌቱን በ64 ጊጋባይት ሰርቨር እንመልከት። ለዶሜይን ኮንትሮለር (የተጠቃሚዎችን መግቢያ ለሚያስተዳድረው የዊንዶውስ ሰርቨር) 6፣ ለፒችትሪ የዊንዶውስ ሰርቨር 12፣ ለኦዱና ለዳታቤዙ 12፣ ለአሮጌው ዊንዶውስ 4 ቢሰጥ ድምሩ 34 ይሆናል። ለፕሮክስሞክስ ራሱ 4 ያህል ይተውለታል። ዲስኩ ዜድኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሥርዓት ከተደራጀ ደግሞ ለጊዜያዊ ማከማቻ ራም ይወስዳል፤ ከ8.1 ወዲህ በአዲስ የተጫነ ፕሮክስሞክስ ይህን በ10 በመቶ ይገድበዋል፤ ቀደም ባሉት ግን እስከ ግማሽ ድረስ ይወስድ ስለነበር ከድሮ ስሪት ያደገ ሰርቨር ላይ ገደቡን መፈተሽ ይገባል። በዚህ ስሌት 20 ጊጋባይት ገደማ ይተርፋል፤ ይህ ትርፍ የተመለሰ ባክአፕን ለመሞከር ስለሚያስፈልግ ለሌላ ማሽን አይሰጥም።

ለዲስክ ሁለት ኤስኤስዲዎችን በዜድኤፍኤስ እንደ መስታወት፣ አንዱ የሌላው ቅጂ እንዲሆን፣ አጣምሮ መጠቀም ለዚህ መጠን ተገቢ ነው። ዜድኤፍኤስ ዲስኮቹን በቀጥታ ማየት ስለሚፈልግ፣ በሰርቨሩ ላይ የሬይድ ካርድ (ዲስኮችን በራሱ የሚያጣምር መሣሪያ) ካለ ሬይዱን አጥፍቶ ዲስኮቹን እንዳሉ እንዲያሳልፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ ሲገዛ መብራት ድንገት ሲጠፋ የያዘውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለውን፣ ለሰርቨር የተሠራውን ዓይነት መምረጥ ይበጃል፤ ለላፕቶፕ የተሠራው ርካሽ ቢሆንም የዳታቤዝ ጽሑፍ ሲበዛበት እጅግ ይዘገያል።

ፕሮክስሞክስን መጫን

በመጀመሪያ በሰርቨሩ ባዮስ ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን አማራጩ መብራቱን ያረጋግጡ፤ በኢንቴል ቪቲ-ኤክስ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤስቪኤም በሚል ስም ይገኛል። የፕሮክስሞክስን አይኤስኦ ፋይል በሩፉስ ወይም በመሰል ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ጽፈው ሰርቨሩን በእርሱ ያስነሱ። ጫኚው ጥቂት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሊታሰብባቸው የሚገባው የሰርቨሩ ስምና ቋሚው የአይፒ አድራሻ ናቸው፤ ማሽኖች ከተፈጠሩ በኋላ ስሙን መለወጥ አድካሚ ስለሆነ አስቀድሞ መወሰን ይሻላል።

ተከላው ሲያልቅ ቀሪው ሥራ በሌላ ኮምፒውተር ብሮውዘር ይከናወናል። ለምሳሌ የተሰጠው አድራሻ 192.168.10.5 ከሆነ፣ ደኅንነቱ በተጠበቀው የኤችቲቲፒኤስ መንገድ 192.168.10.5:8006 ብለው ይገባሉ። ብሮውዘሩ ስለ ሰርተፍኬቱ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ የሚጠበቅ ነው። የድጋፍ ክፍያ ካልተከፈለ አፕዴት ስሕተት እያሳየ ይቆማል፤ ስለዚህ በሪፖዚተሪ (የአፕዴት ምንጮች) ገጽ ላይ የኢንተርፕራይዙን አጥፍተው ያለ ክፍያ የሚሠራውን ይጨምሩ፤ ከዚያም አፕዴት ያድርጉ።

የዊንዶውስ ማሽን መፍጠር

ለሊኑክስ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ አስፈላጊዎቹ ድራይቨሮች በከርነሉ ውስጥ ስላሉ አይኤስኦውን ሰጥቶ መጫን ብቻ ነው። ዊንዶውስ ግን ቨርትአይኦ የሚባሉትን የቨርቹዋል ዲስክና ኔትወርክ ድራይቨሮች ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ከዊንዶውሱ አይኤስኦ በተጨማሪ የቨርትአይኦን አይኤስኦ ወደ ፕሮክስሞክስ ይጫኑና በሁለተኛ የሲዲ ማጫወቻነት ያያይዙት።

ማሽኑን ሲፈጥሩ ማሽን በሚለው ስር ኪው35ን፣ ለባዮስ ኦቪኤምኤፍን ይምረጡ፤ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጨምሩ፤ አለዚያ ጫኚው እምቢ ይላል። ለዲስክ ቨርትአይኦ ስካዚ ሲንግልን፣ ለኔትወርክ ቨርትአይኦን ይምረጡ፤ ዲስኩ በኤስኤስዲ ላይ ከሆነ የተሰረዘ ቦታ እንዲመለስ ዲስካርድ የሚለውን ያብሩ። ተከላው ዲስክ የሚመረጥበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሎድ ድራይቨር የሚለውን ተጭነው በቨርትአይኦ ሲዲ ውስጥ ቪአይኦስካዚ ከሚለው ፎልደር የዊንዶውስዎን ስሪት፣ ከእርሱም ስር ኤኤምዲ64 የሚለውን ሲመርጡ ዲስኩ ይመጣል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ቢሆንም የሚመረጠው ይኸው ፎልደር ነው። ዊንዶውሱ ከተነሣ በኋላ በዚያው ሲዲ ላይ ያለውን ጠቅላላ የድራይቨር ጫኚና የጌስት ኤጀንቱን ይጫኑ፤ በፕሮክስሞክስ በኩል ደግሞ በማሽኑ ኦፕሽንስ ውስጥ ኤጀንቱን ያብሩ። ይህች እርምጃ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ነገር ግን ባክአፕ በሚወሰድበት ቅጽበት ዊንዶውሱ በእጁ ያለውን ጽሑፍ ወደ ዲስክ አራግፎ እንዲጠብቅ የሚነግረው ይኸው ኤጀንት ነው።

አሮጌውን ማሽን ማዛወር

ከባዶ ሊተከል የማይችለውን የሰዓት መቆጣጠሪያ ማሽን እንዳለ ማዛወር ይቻላል። ዲስክ2ቪኤችዲ የተባለው የማይክሮሶፍት ትንሽ ፕሮግራም የሚሠራውን ዊንዶውስ በሙሉ ወደ አንድ የዲስክ ፋይል ይቀዳዋል፤ ፋይሉ ወደ ፕሮክስሞክስ ይገባና ከአዲስ ቨርቹዋል ማሽን ጋር ይያያዛል። አሮጌ ዊንዶውስ 7 ብዙውን ጊዜ በድሮው ባዮስ የተተከለ ስለሆነ ለእርሱ ኦቪኤምኤፍ ሳይሆን ሲባዮስ ይመረጣል። ዲስኩን በመጀመሪያ በሳታ ያስነሡት። ከዚያ አንድ ጊጋባይት የሆነ ባዶ የቨርትአይኦ ዲስክ ጨምረው ድራይቨሩን ይጫኑ፤ ዊንዶውሱ ድራይቨሩን ካወቀው በኋላ ዋናውን ዲስክ ወደ ቨርትአይኦ ይቀይሩና ትንሹን ያስወግዱ። በቀጥታ በቨርትአይኦ ለማስነሣት የሞከረ ሰው የሚያገኘው ሰማያዊ ስክሪን ነው።

ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ የኦኢኤም ፈቃድ ከዚያው ማሽን ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ወደ ቨርቹዋል ማሽን አብሮ አይሻገርም፤ ይህ በበጀት ውስጥ መግባት አለበት። ዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ስለሆነ፣ ማሽኑን በተለየ ቪላን (ከሌላው ኔትወርክ በተነጠለ ክፍል) ውስጥ አስቀምጦ ከጣት አሻራ መሣሪያዎቹ በቀር ከማንም ጋር እንዳይገናኝ መዝጋት ይገባል። የፒችትሪው ዝውውር ደግሞ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ፈጽሞ አይሞከርም።

መብራት

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዩፒኤስ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ባትሪው ሲዳከም ለሰርቨሩ መንገር አለበት። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ አገናኝተው በፕሮክስሞክሱ ላይ ነት የተባለውን ሶፍትዌር ይጫኑ፤ ባትሪው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ሰርቨሩ ማሽኖቹን በየተራ ዘግቶ ራሱን ያጠፋል። ተራው የሚወሰነው በእያንዳንዱ ማሽን የመነሻ ቅደም ተከተል ነው። ዶሜይን ኮንትሮለሩ አንደኛ ሆኖ ይነሣል፤ ሌሎቹ ከአንድ ሁለት ደቂቃ ቆይታ በኋላ ይከተላሉ፤ ሲዘጋ በተቃራኒው ይሄዳል። ሁሉም ለመዘጋት የሚፈጅባቸውን ጊዜ በሰዓት ለክተው የዩፒኤሱ ባትሪ ከዚያ በላይ መቆየቱን ያረጋግጡ። መብራት ተመልሶ ወዲያው ደግሞ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ባትሪው በቂ ኃይል ሳይዝ እንዳይነሣ ባዮሱ ወይም ዩፒኤሱ ላይ መዘግየት ማስገባት ተገቢ ነው።

ባክአፕና መልሶ ማስነሣት

ስናፕሾት፣ ማለትም የማሽኑ የአንድ ቅጽበት ሁኔታ ተይዞ የሚቀመጥበት ቅጂ፣ ባክአፕ አይደለም። ከአፕዴት በፊት ለመውሰድና ነገሩ ከተበላሸ ለመመለስ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሚቀመጠው በዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ከሥራ ከተሰናበቱት ማሽኖች በአንዱ ላይ ትልቅ ዲስክ ጨምረው ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨርን ይትከሉ፤ በየሌሊቱ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚቀዳ የአንድ ወር ባክአፕ እንኳ ያን ያህል ቦታ አይፈጅም። ይህ ማሽን የዊንዶውሱ ዶሜይን አባል መሆን የለበትም፤ የይለፍ ቃሉም ከሌሎቹ የተለየ ይሁን፤ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ኔትወርኩን ቢወር በመጀመሪያ የሚፈልገው ባክአፑን ነውና። በየሳምንቱ ደግሞ አንድ ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ከሕንፃው ይውጣ። ባክአፑ የሚቆለፍ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ ታትሞ በካዝና ይቀመጥ፤ በዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ የተቀመጠ ቁልፍ ሰርቨሩ በጠፋ ቀን አይገኝም።

ባክአፑ እንደሚሠራ የሚታወቀው ሲመለስ ብቻ ነው። ቢያንስ በሦስት ወር አንድ ጊዜ የፒችትሪውን ማሽን በአዲስ ቁጥር ወደ ሰርቨሩ ይመልሱት፤ ዩኒክ የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ ከማስነሣትዎ በፊትም የኔትወርክ ካርዱን ያላቅቁ፤ አለዚያ በአንድ አድራሻ ሁለት ማሽኖች ተጋጭተው የሥራው ማሽን ይታወካል። ከዚያ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ጠርተው ፒችትሪውን እንዲከፍትና ባክአፑ ከመወሰዱ በፊት የተመዘገበውን የመጨረሻ ደረሰኝ እንዲፈልግ ያድርጉ። መመለሱ የፈጀውን ሰዓት ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ሁለተኛ ሰርቨር ለመግዛት ወይም ላለመግዛት የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው።

ሁለተኛ ሰርቨር የሚገዛ ከሆነ፣ ሁለት ማሽኖች ብቻቸውን አስተማማኝ ክላስተር (በአንድነት የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) አይሆኑም፤ ግንኙነታቸው ሲቋረጥ ማን እንደሚቀጥል የሚወስን ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ድምፅ ኪውዲቫይስ በተባለው አሠራር አንድ ተራ ኮምፒውተር ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱ ሰርቨሮች የተለያየ ትውልድ ፕሮሰሰር ካላቸውም የማሽኖቹን የሲፒዩ ዓይነት ሆስት (የሰርቨሩን ፕሮሰሰር እንዳለ) ከማድረግ ይልቅ ሁለቱም ከሚችሉት ዝቅተኛ ዓይነት ጋር ያስተካክሉ፤ ይህ ካልተደረገ እየሠራ ያለ ማሽን ሳይጠፋ ወደ ሌላው ሲዛወር ሊወድቅ ይችላል።