ከፖስታ ቤት እስከ አፍሪካ አዳራሽ፦ የዲዛይን ሐሳብ እንዴት ይለቀማል?

ስልካችሁ ላይ ሴቭ ካደረጋችኋቸው ምስሎች ሥራ ላይ የዋለው ስንቱ ነው? ለፖስተር፣ ለመጽሐፍ ሽፋን ወይም ለሱቅ አርማ ሐሳብ ሲጠፋችሁ ፒንተረስት ላይ ከማፍጠጥ ወጣ በሉ። ግማሽ ቀን፣ ደብተር፣ እርሳስና ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ወስኑ። ቀለም ነው? ፊደል? ቅርፅ? ሁሉንም ልልቀም ያለ ሰው ጋለሪውን ሞልቶ ይመለሳል፣ ሌላ የለም።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና፣ ፖስታ ሙዚየም ግቡ። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮቻችንን ፈልጉ። ዋጋቸው ዝቅ ያለው የአፄ ምኒልክን ምስል ይዘዋል፣ ከፍ ያለው ደግሞ አንበሳ። ቁጥሩን ሳታነቡ ርካሹንና ውዱን ትለያላችሁ። ይኼ ሁሉ አውራ ጣት በምታክል ወረቀት ላይ ነው፤ እኛ ግን አንድ ፖስተር ላይ አሥር መስመር ጽሑፍ እንጠቀጥቃለን!

ወደ ታች ስትወርዱ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ቁሙ። እ.ኤ.አ. በ1955 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ ኢዮቤልዩ የቆመውን የፈረንሳዊውን ቀራጺ የሞሪስ ካልካን የአንበሳ ሐውልት ፎቶ አታንሱት፣ ሳሉት። በጥቂት መስመር ብቻ። ከዚያ አንዷን መስመር አጥፉ፦ አሁንም አንበሳ ነው? ሌላም አጥፉ፣ አንበሳነቱ እስኪጠፋ ድረስ፤ ሲጠፋ የመጨረሻዋን መልሷት። ለአርማ የሚሆን ቅርፅ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

በእጅ የተጻፈ ታፔላ ካያችሁ ግን ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ቶሎ ፎቶ አንሱ፣ ነገ በባነር ተተክቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጥበቃ ያለበት ሕንፃ ጋ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ከዘበኛ ጋር ጭቅጭቅ ቀኑን ይበላዋል።

አፍሪካ አዳራሽ ለመግባት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተሳካ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ታያላችሁ፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ። ደማቅ ቀለሞቹ ጎን ለጎን ሆነው ለምን እንደማይጣሉ አጢኑ፤ በመሃላቸው ያለው ጥቁር መስመር ነው የሚገላግላቸው። ካልተሳካ ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለላችሁ።

ማታ ሦስት ምስል ብቻ አስቀሩ፣ ሌላውን ሰርዙ። ከሥራቸው «ያምራል» ብላችሁ አትጻፉ። «ዋጋን በሥዕል ለየ»፣ «ጥቁር መስመር ቀለሞቹን አስታረቀ» በሉ። ከዚያ ምስሎቹን ዝጉና ከጻፋችሁት ብቻ ተነስታችሁ የራሳችሁን ንድፍ ጀምሩ። ፊታችሁ ዘርግታችሁ ከሠራችሁ እጃችሁ ሳታውቁት ይገለብጣል።