የሠንጠረዥ ርዕስ ማድመቅ ብቻ አይበቃም

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ የጤፍና የበቆሎ ምርት ሪፖርት በዎርድ የምትሠሩ ሁሉ አንዲት ነገር ልንገራችሁ። የሠንጠረዡን ርዕስ፣ ማለትም የዓምዶቹ ስም ያለበትን የመጀመሪያ ረድፍ፣ ማድመቅ ብቻውን አይበቃም። ዓይነ ስውር የሥራ ባልደረባችሁ በስክሪን ሪደር (ጽሑፍን ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም) ሲከፍተው «42» የሚል ቁጥር ይሰማል፤ ኩንታል ይሁን ሄክታር ግን አያውቅም። የመጀመሪያውን ረድፍ ምረጡና በሠንጠረዡ ሌይአውት ውስጥ «ሪፒት ሄደር ሮውስ» የሚለውን ተጫኑ። ሠንጠረዡ ወደ ሁለተኛ ገጽ ካለፈ ርዕሱ እዚያም ይደገማል፣ ይሄ ለሁላችንም ይጠቅማል።

የተዋሃዱ ሴሎችን (የሠንጠረዡን ሳጥኖች) ደግሞ ለያዩ። «ቡሬ» ብሎ አንዴ ጽፎ አራት ረድፍ ማዋሃድ ለዓይን ያምራል፤ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ውሉ ይጠፋበታል። በየረድፉ ድገሙት። ሠንጠረዡን ስክሪንሾት አድርጎ መለጠፍማ ጭራሽ ይቅር! ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነጻ ይገኛል፤ ጫኑትና ሪፖርቱን ከመላካችሁ በፊት አዳምጡት።